ስለ ሸራ ጀልባ የሚወራውና እውነታው፦ ሐዋሳ ላይ ሆኖ ሲታይ

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ አዘውትረን የምናየው ጀልባ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የዓሣ አጥማጆቹ ነው፤ በመቅዘፊያ ይሄዳል። ሌላው ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ተነስቶ ጉማሬ ሊያሳየን የሚወስደን ባለ ሞተሩ ነው። ሸራ የተወጠረበት ጀልባ ማየት ብርቅ ነው። ስለዚህ ስለ ሸራ ጀልባ የምናውቀው በአብዛኛው ከፊልም ነው፤ ነጭ መርከብ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሀብታም። ከዚህ የተነሳ የምንፈራው ሌላ፣ የሚያሰጋው ሌላ ሆኗል። የሚወራውን እየጠራሁ በየተራ ልመልስ።

"ባሕር የሌለው አገር ሰው ምን አገባው?"

ስዊዘርላንድም ባሕር የላትም። ሆኖም በሸራ ጀልባ ውድድር ትልቅ ስም ያለውን አሜሪካስ ካፕን እ.ኤ.አ. በ2003 የወሰደው አሊንጊ የተባለው የስዊስ ቡድን ነው። በ2007 ደገመው። ቡድኑ የወከለው ክለብ ያለው ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ነው።

ወደ ቅርብ እንምጣ። ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ሐዋሳ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው፤ ከፍታው ከ1,800 ሜትር ይበልጣል፤ ጉማሬም አለበት። እዚያ የሸራ ጀልባ ክለብ አለ። የእኛ ሐይቅ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለትንሽ ጀልባ ከበቂ በላይ ነው።

"የቱጃር ጨዋታ ነው"

የቅንጦት ጀልባው አዎ፣ የቱጃር ነው። ግን እሱ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው።

ኦፕቲሚስት የምትባለውን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1947 ፍሎሪዳ ውስጥ ክላርክ ሚልስ የተባለ ጀልባ ሠሪ ለልጆች ብሎ የነደፋት ናት። ርዝመቷ 2.3 ሜትር ነው። አንድ ሸራ፣ አንድ ልጅ፣ በቃ። አፍንጫዋ እንኳ ሹል አይደለም። ስትነደፍ ማንም ከኮምፔንሳቶ ቤቱ እንዲሠራት ታስቦ ነው። ዛሬ በብዙ አገር እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች የሚማሩትም የሚወዳደሩትም በእሷ ነው። ሐዋሳ ያለ ጎበዝ አናጢ ንድፉን ቢያገኝ የሚያቅተው አይመስለኝም።

ለአዋቂ ሌዘር አለች፤ አሁን ኢልካ ትባላለች። 4.2 ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ባዶ ቀፎዋ (ሸራና ዘንግ ሳይገጠምባት አካሏ ብቻ) 59 ኪሎ ነው። ይህችው ትንሽ ጀልባ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ኦሊምፒክ ላይ ትወዳደራለች። እሷ ላይ የወጣ ሰው ሳይረጥብ አይመለስም። እግሩን ጀልባዋ ውስጥ ባለው የእግር ማሰሪያ ከትቶ፣ ገላውን ከጀልባዋ ውጭ አንጋሎ ሚዛን መጠበቅ አለበት። ሆዱን በማግስቱ ያመዋል።

ካታማራን ሁለት ቀፎ ጎን ለጎን የተጋጠመበት ነው፤ ፍጥነት ለሚወድ። ዊንድሰርፍ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ሸራውን በእጅ መያዝ ነው። በካይት ደግሞ ሰማይ ላይ ያለ ሸራ በገመድ ይጎትታችኋል። ሥሩ ከባድ ብረት ያለበት ጀልባ ቤተሰብ ጭኖ፣ ቡና በፔርሙስ ይዞ ዘና ለማለት ነው። አንዱን ሞክሮ "አልወደድኩትም" ያለ ሰው ሌላውን ሊወደው ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጀማሪ በትንሿ ይጀምር። ትልቅ ጀልባ ስህተትን ይሸፍናል። ትንሿ ግን ወዲያው በውሃ ትነግራችኋለች።

"ነፋሱ ወደ ነፈሰበት ነው የሚወስድህ"

ከሁሉም በላይ የሚሰማው ይህ ነው። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ እውነት ነው፤ ሸራው ይገፋል። ከጎን ሲመጣ ግን ሸራው የሚሠራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ነው። ነፋሱ በጎበጠው ሸራ በሁለቱም በኩል ሲያልፍ አቅጣጫው ይታጠፋል። በአንደኛው ወገን የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ሸራው ወደዚያ ይሳባል።

ይህ ጉልበት ብቻውን ቢሆን ጀልባዋን ወደ ጎን ያንሸራትታት ነበር። ግን ከሥሯ ወደ ውሃው የሚወርድ ሰሌዳ አለ። ወደ ጎን እንዳትሄድ እሱ ይይዛታል። ጎኑ ሲዘጋባት የሚቀራት ወደፊት ነው፤ የሎሚ ፍሬ በሁለት ጣት ስትጨምቁት እንደሚፈናጠረው።

በቀጥታ ወደ ነፋሱ ፊት መሄድ ግን አይቻልም። ከነፋሱ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ገደማ ገለል ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ነፋሱ ከሚመጣበት መድረስ የፈለገ በዚግዛግ ይሄዳል። ሐይቁ መሃል ሆናችሁ ነፋሱ ከታቦር ተራራ በኩል ቢመጣባችሁ እንኳ በዚያው በኩል ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል መመለስ ትችላላችሁ። መንገዱ ይረዝማል እንጂ ቀርታችሁ አትቀሩም።

ፍጥነቱም ከነፋሱ ሊበልጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ናሚቢያ ውስጥ ዋልቪስ ቤይ ላይ አውስትራሊያዊው ፖል ላርሰን ሴይልሮኬት 2 በተባለች ጀልባ 500 ሜትሩን በአማካይ በ65.45 ኖት አለፈው። በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የዚያን ቀን ነፋስ የዚህን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

"ነፋስ ከኋላ ሲሆን ነው ደህናው"

ይሄኛው ራስ ያስፈነክታል። ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ጀልባዋም አብራው ስለምትሄድ ገላችሁ ላይ እምብዛም አይሰማችሁም። ይሞቃችኋል። ጃኬት ይወልቃል፣ ወሬ ይደራል። ነፋሱ ግን አልቀነሰም። መሪው ትንሽ ከሳተ ነፋሱ በሸራው በወዲያኛው በኩል ይገባል። ያኔ የሸራውን ግርጌ የያዘው አግዳሚ ዘንግ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል። በትናንሽ ጀልባዎች ላይ ዘንጉ የሚያልፈው ልክ ጭንቅላት ባለበት ነው። ለጀማሪ የሚመቸው ከጎን የሚመጣው ነፋስ ነው፤ ጀልባዋም ያኔ ትፈጥናለች፣ ለመምራትም አታስቸግርም።

"ከተገለበጠች አለቀ"

ትናንሾቹ ይገለበጣሉ። የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው፤ አስተማሪዎች ሆን ብለው ያስገለብጣሉ። ውስጧ አየር ስለታፈነ አትሰምጥም። ከሥሯ ያለው ሰሌዳ ላይ ቆማችሁ ጠርዟን ይዛችሁ ወደ ኋላ ስትለጠጡ ቀና ትላለች። ከባድ ብረት ያላቸው ትላልቆቹ ደግሞ ያጋድላሉ እንጂ በቀላሉ አይገለበጡም። ስታጋድል ደንግጦ የሚጮህ አለ፤ ማጋደል ግን ጠባይዋ ነው። የሸራውን ገመድ ላላ ብታደርጉት ነፋሱ ያመልጣል፣ ቀጥ ትላለች።

የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ የተገለበጠችውን ጀልባ ትቶ ወደ ዳር መዋኘት። ዳር ከሚመስለው ይርቃል። ለፈላጊም ከአንድ ጭንቅላት ይልቅ ጀልባ ቶሎ ይታየዋል።

"ዋና የማይችል አይጠጋ" እና "ዋና እችላለሁ፣ ላይፍ ጃኬት ምን ያደርግልኛል?"

ሁለቱም ወገን ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1898 ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በሸራ ጀልባ ዓለምን የዞረው ጆሹዋ ስሎከም ዋና አይችልም ነበር። ግን እሱን አርአያ አታድርጉ፤ በ1909 ብቻውን ወጥቶ አልተመለሰም። ዋና መቻል መልካም ነው። ጭንቅላቱን ዘንግ የመታው ዋናተኛ ግን አይዋኝም። ላይፍ ጃኬቱን ልበሱ፣ ማሰሪያውንም እሰሩት። ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ፎቶ መነሳት መልበስ አይደለም።

"ሐይቅ እኮ ነው፣ ምን ያመጣል?"

ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው። ይህን አይቶ ቀኑን ሙሉ እንዲያ የሚሆን የሚመስለው አለ። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳል። የብሱ ከውሃው ቶሎ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ውሃው ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ሊተካው ይመጣል። የሐይቅ ሞገድ እንደ ውቅያኖስ ረጅም አይደለም። አጭርና ተከታታይ ነው፤ ትንሽ ጀልባን የሚያንገላታውም እንዲህ ያለው ነው። ጀማሪ ነፋሱ ገና ለስላሳ ሳለ ይውጣ።

በነገራችን ላይ ከፍታውም ለውጥ አለው። 1,680 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ወለል በ15 ከመቶ አካባቢ ይቀላል። የሸራው ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሞምባሳ ላይ የለመደ ሰው እዚህ ያው ነፋስ የሰነፈ ሊመስለው ይችላል።

ቢልሃርዚያን አትርሱ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ዳር ዳሩን፣ ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ጀልባ ስትገፉ እዚያ ቆማችሁ አትቆዩ። በፎጣ ቶሎ መድረቅ ይረዳ ይሆናል እንጂ ዋስትና አይደለም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ብትመረመሩ ጥሩ ነው፤ ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

ጉማሬውስ? "ሸራ ጀልባ ድምፅ ስለሌላት አትረብሸውም" ይባላል። ተቃራኒው ነው። ጉማሬ ክፉ የሚሆነው ሳይሰማ ሲደርሱበት ነው። ዛምቤዚ ወንዝ ላይ ታንኳ የሚመሩ አስጎብኚዎች የታንኳውን ጎን እየመቱ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከሸምበቆው ራቁ። ምሽት ለግጦሽ ሲወጡ፣ ማለዳም ሲመለሱ መንገዳቸው ላይ አትገኙ። የት እንደሚውሉ ዓሣ አጥማጆቹን ያህል የሚያውቅ የለም፤ ከመነሳታችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ። መረባቸውን የት እንደዘረጉም አብራችሁ ጠይቁ፤ ሰሌዳውና መሪው መረብ ይይዛሉ። ውሃው ላይ ተደርድሮ የሚንሳፈፍ ፕላስቲክ ካያችሁ መረብ ነው፤ ራቅ ብላችሁ ዙሩ።