የአየር ርቀት ምንድን ነው? ሰዓቱስ ለምን አብሮት አይሄድም?

ከለንደን ኒውዮርክ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ ብትፈልጉ ከ5,500 ትንሽ የሚበልጥ ቁጥር ታገኛላችሁ። ይህ የአየር ርቀት ነው። በምድር ገጽ ላይ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው አጭሩ መስመር ርዝመት ማለት ነው። ተራራ፣ ባሕርና ድንበር ምንም አይለውጡትም።

አጭሩ መስመር ካርታ ላይ ጎብጦ ይታያል። ብዙ ሰው ግር የሚለው እዚህ ላይ ነው። ምድር ክብ ናት፤ ካርታው ደግሞ ጠፍጣፋ። ሴንት ፒተርስበርግን እና አላስካ ያለችውን አንኮሬጅን ተመልከቱ። ሁለቱም 60 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አጠገብ ናቸው፤ የሚገኙት ግን በምድር ተቃራኒ ጎን ነው። ካርታው ላይ በማስመሪያ ብታገናኟቸው፣ ኬክሮሱን ይዞ የሚሄደው መንገድ 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰሜን ዋልታ በኩል ግን 6,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሉል ያለው ሰው ክር ወጥሮ ይሞክረው፤ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። 5,500ን ለ900 ስናካፍል ስድስት ሰዓት ከምናምን ይመጣል። የበረራ ሰሌዳው ግን ከለንደን ኒውዮርክ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሲመለስ ሰባት ሰዓት ገደማ ይላል። አንደኛ፣ ሰሌዳው የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። ወደ ማኮብኮቢያው መንዳቱ፣ ተራ መጠበቁ፣ መውጣቱና መውረዱ ሁሉ ይገባበታል።

ዋናው ምክንያት ግን ነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ጀት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ ምሥራቅ የሚበርረውን ይገፋዋል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. አንድ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ለንደን የገባው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነበር። ነፋሱ ከኋላ እየገፋው፣ ከምድር አንጻር ያለው ፍጥነት በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። ስለዚህ አብራሪዎች አንዳንዴ ሆን ብለው ረጅሙን መንገድ ይመርጣሉ። ነፋሱ ከረዳቸው ቶሎ ይደርሳሉ፤ ነዳጅም ይቆጥባሉ።

ፖለቲካም አለበት። ሩሲያ በ2022 እ.ኤ.አ. የአየር ክልሏን ለአውሮፓ አየር መንገዶች ስትዘጋ፣ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ የነበረው የዘጠኝ ሰዓት ተኩል በረራ ወደ 13 ሰዓት ገደማ ረዘመ። የአየር ርቀቱ ግን ንቅንቅ አላለም። በእኔ እይታ ይህ ቁጥር መነሻ ግምት ለማግኘት ነው የሚጠቅመው፤ ጉዞ ለማቀድ አይበቃም።

ቲኬት ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመነሻውም የመድረሻውም ሰዓት በየከተማው አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። ከቶኪዮ ሎስ አንጀለስ የሚበር ሰው ማታ ተነስቶ በዚያው ቀን ጠዋት ሊደርስ ይችላል፤ መሐል ላይ የቀን መለያ መስመሩን፣ ማለትም ቀኑ የሚቀየርበትን ምናባዊ መስመር፣ ስለሚሻገር። ሁለቱን ሰዓቶች ቀናንሶ የበረራውን ርዝመት ማወቅ አይቻልም። ለብቻው የተጻፈውን የበረራ ቆይታ ፈልጉ።