በኤዲቲንግ ቤት የሚሰሙ ቃላት

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ቤት ገብቶ አሥር ደቂቃ የተቀመጠ ሰው «ከት አድርገው» (ቁረጠው)፣ «ሬንደር እየሆነ ነው» ሲባል ይሰማል። ቃሉ ከእንግሊዝኛ ይመጣል፣ «አደረገ» ወይም «ሆነ» ይጨመርበታል፣ አለቀ።

መነሻው ፒክስል ነው፤ ስክሪን ላይ ያለው ምስል የተሠራባት ትንሿ የቀለም ነጥብ። ፉል ኤችዲ የሚባለው ቪዲዮ ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ፒክስል አለው። ሪዞሉሽን የሚባለው ይኸው ነው። አንዷ ቁም ምስል ደግሞ ፍሬም ትባላለች። በሰከንድ 25 ፍሬም ካለ እስክስታው ሳይቆራረጥ ይታያል።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። ለአንድ ፒክስል 3 ባይት ከተያዘ፣ ያልተጨመቀ አንድ ሰከንድ ቪዲዮ 155 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። የአንድ ሰዓት ሰርግማ ከ550 ጊጋባይት ያልፋል። የትኛው ፍላሽ ይችለዋል? ስለዚህ ኮዴክ መጣ፤ ምስሉን ይጨምቃል፣ ሲታይ ይፈታዋል። ካለፈው ፍሬም ያልተለወጠውን እንደ አዲስ አይመዘግብም። የፋሲልን ግንብ ካሜራ ተክለው ቢቀርጹት ፋይሉ ትንሽ ነው፤ ግንቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ጥምቀት ላይ ወጣቱ አፄ ፋሲል መዋኛ ዘሎ ሲገባ ግን ጠብታው ሁሉ በየፍሬሙ ይለዋወጣል። ቢትሬቱ፣ ማለትም ለአንድ ሰከንድ የተመደበው ዳታ፣ ካነሰ ውሃው ካሬ ካሬ ይሆናል።

ብዙ ሰው ኤምፒ4ን፣ ማለትም በቪዲዮ ፋይል ስም መጨረሻ የምናየውን mp4፣ ኮዴክ ያደርገዋል። ኤምፒ4 አገልግል ነው፤ ውስጡ ያለው ይለያያል። ስልክዎ አንዱን ኤምፒ4 ከፍቶ ሌላውን እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ሠራተኛው ከማሽኑ ጋር የሚግባባበት ገጽታ በይነገጽ ይባላል። መስኮት፣ አይከን፣ ሜኑና የማውዝ ጠቋሚ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዜሮክስ ቤተ ሙከራ አንድ ላይ ተቀናጁ፤ በ1984 ማኪንቶሽ ለሰፊው ሕዝብ አደረሳቸው። የኤዲቲንግ ፕሮግራም ልብ ታይምላይኑ ነው፤ ቁርጥራጮቹ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚቀመጡበት መስመር። ብዙ ጊዜ ቪዲዮው ከላይ፣ ድምፁ ከታች ይደረደራል።

ሬንደር ማለት ኮምፒውተሩ ቁርጥራጩን፣ ቀለሙንና ጽሑፉን አስልቶ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ መሥራቱ ነው። ኤክስፖርት ውጤቱን ፋይል አድርጎ ማውጣት ነው። እኛ ጋ ሁለቱ ተደባልቀው ቀርተዋል። አንዴ 96 በመቶ ላይ መብራት ጠፋብኝ። ፕሮጀክቱን ሴቭ አድርጌው ስለነበር ኤዲቱ ተረፈ፤ ሬንደሩ ግን እንደገና ከዜሮ።