የኪሎ ሀፍረት በምክር ሕክምና ውስጥ፦ ድሬዳዋ

የኪሎ ሀፍረት የሚባለው ሰው በሰውነቱ መወፈር ወይም መክሳት ምክንያት ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲያይ፣ ከሰው ዓይን ሲሸሽና ስለ ሰውነቱ ማውራት ሲከብደው ነው። ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ ካርድ ላይ አይጻፍም። በድብርት፣ በጭንቀት፣ በሱስ ወይም በከባድ የአእምሮ ሕመም ሕክምና የጀመረ ሰው ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ካልተነካ ደግሞ ቀጠሮ ያስቀራል፣ ክኒን ያስጥላል። ይህ ዳሰሳ ሀፍረቱ በድሬዳዋ የምክርና የሥነ አእምሮ ክፍሎች በምን መልክ እንደሚመጣና እንዴት እንደሚያዝ ያሳያል።

ስያሜው

ሀፍረትን ከጸጸት ለይቶ በማሳየት ረገድ ሔለን ብሎክ ሌዊስ እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበችው ሥራ ዋና መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። ጸጸት «ያደረግሁት ነገር መጥፎ ነው» ሲል ሀፍረት «እኔ ራሴ መጥፎ ነኝ» ይላል። የተጸጸተ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ያስተካክላል፤ ያፈረ ሰው ይደበቃል። አማርኛ በዚህ ላይ ይሉኝታ የሚል ቃል አለው። ቃሉ «ይሉኛል» ከሚለው ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ተናጋሪውን በውስጡ ይዟል፤ ልምድ ያላቸው አማካሪዎችም በዚህ ይገባሉ። «ሰው ምን ይለኛል» ላለች ታካሚ «ማን ነው የሚልሽ? በምን ቃል?» ብለው ይጠይቃሉ። «ሰው» የተባለው ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ይገኛል፦ አንዲት አክስት፣ አንድ የክፍል ጓደኛ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ። ሥራው ከነዚህ ሰዎች ቃል ይጀምራል።

ከተማውና አገልግሎቱ

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከዚራና መጋላ የተባሉ ሰፈሮቿን ደቻቱ ወንዝ የሚለያቸው ከተማ ናት። በመንግሥት በኩል የሥነ አእምሮ ሕክምና የሚሰጠው በድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ሲሆን፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐረር ላይ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ። በእነዚህ ክፍሎች ታካሚን ከወር እስከ ወር የሚያውቁት፣ ስሙንም የቤቱንም ነገር የሚያስታውሱት በአብዛኛው የሥነ አእምሮ ነርሶች ናቸው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር በእነሱ ትከሻ ላይ የቆመ ነው፤ ክብሩም ለእነሱ ይገባል።

የድሬ ሰው አፍ

ድሬ ሰው ሰውን «አንተ» ብሎ፣ በመልኩ ጠርቶ፣ ትከሻውን መትቶ የሚቀበል ከተማ ነው። «ወፍሬ»፣ «ቦርጮ»፣ «በርሜል» የሚሉት ቅጽሎች በክፋት አይወጡም፤ የሚጠራው ሰውም ስቆ ይመልሳል። ሳቁ ግን መልስ አይደለም። ምክር ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ በስሙ ያልተጠራ ሰው አለ።

በሌላ በኩል ውፍረት የሚወደስባቸው ቤቶችም ጥቂት አይደሉም። «ተመችቶሻል» ምርቃት ነው። ኤችአይቪ መድኃኒት ባልነበረው ዘመን ክሳት የሞት ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር፤ ነፃ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዚያ ዘመን ልጅ ያሳደጉ እናቶች የልጃቸውን መክሳት ዛሬም በፍርሃት ያያሉ። ስለዚህ ልጅቷ በጨመረችው ኪሎ ስታፍር እናቷ ፈጣሪን ታመሰግናለች፤ አማካሪው ሁለቱንም ትክክል ናችሁ ብሎ መነሳት አለበት።

ሙቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ስስ ልብስ ግድ ነው፤ ሴቶች ድሪያ፣ ወንዶች ሽርጥ ይለብሳሉ። በግንቦት ቀትር ጃኬት ደርባ የመጣች ታካሚ ብርድ አልያዛትም። ሌላው ምልክት ቦርሳው ነው። ከተቀመጠች ጀምሮ ሆዷ ላይ አቅፋዋለች፤ ካርድ ስትቀበል በአንድ እጅ ትቀበላለች፣ እንባዋን ስትጠርግ በአንድ እጅ ትጠርጋለች፣ 40 ደቂቃ ሙሉ ቦርሳው አይነሳም። ወንዶች ሸሚዛቸውን ከሆዳቸው ላይ እየሳቡ ያላቅቃሉ። መደገፊያ ክንድ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ዳሌ ያጣብቃል፤ ሲነሱም አብሮ ይነሳል። ክፍሉ ውስጥ ቢያንስ አንድ ክንድ የሌለው ጠንካራ ወንበር ወይም አግዳሚ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የማይጠይቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ወንበሩ ታካሚው ከመግባቱ በፊት ይዘጋጅ፤ ከገባ በኋላ ወንበር መቀየር ማሳፈር ነው።

መድኃኒቱ

በሕክምና ላይ ካሉ ሰዎች የብዙዎቹ ሀፍረት ከሚውጡት መድኃኒት ጋር የተያያዘ ነው። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ኦላንዛፒንና ክሎርፕሮማዚን ጎልተው ኪሎ ይጨምራሉ፤ ሪስፔሪዶን፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ሊቲየምና አሚትሪፕቲሊንም እንደዚሁ ይጨምራሉ። ሃሎፔሪዶል ከነዚህ ያነሰ ነው፤ የድብርት መድኃኒቱ ፍሉኦክሴቲን በመጀመሪያዎቹ ወራት እምብዛም አይጨምርም። ምክንያቱ በከፊል ይታወቃል፦ ኦላንዛፒንና መሰሎቹ በአንጎል ውስጥ ጥጋብን የሚያስታውቁትን የሂስታሚንና የሴሮቶኒን መቀበያዎች ስለሚዘጉ ሰውየው በልቶ ሳይጨርስ ይርበዋል። ይህ ሆዳምነት አይደለም።

ይህን ያልተነገረው ታካሚ በሦስተኛው ወር ሱሪው አልዘጋ ሲለው ጥፋቱን ለራሱ ይሰጣል፤ ለመናገር ያፍርና ክኒኑን በራሱ ጊዜ ይተዋል። ቤተሰብ የሚያውቀው እንቅልፉ ሲጠፋና ሕመሙ ሲመለስ ነው። መከላከያው መድኃኒቱ በተጀመረበት ቀን የሚነገር አጭር ቃል ነው፦ «ይህ ክኒን ያስርባል። ኪሎ ሊጨምርብህ ይችላል፤ ከጨመረ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው እንጂ የአንተ ድክመት አይደለም። ሳትተው መጥተህ ንገረኝ፣ ሌላ መላ አለ።» መላው እውነተኛ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ያያል፣ መድኃኒቱን ቀስ አድርጎ ይቀይራል፣ አንዳንዴ የስኳር መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን ይጨምራል። በድንገት ማቋረጥ ግን ሕመሙን መጥራት ነው።

ሚዛኑ

የኪሎ ሀፍረት ከሁሉ በላይ የሚጎዳበት ቦታ ሚዛን ነው። ሚዛኑ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ፣ ሰልፍ በቆመበት፣ ቁጥሩ ለመዝጋቢው ጮክ ተብሎ ሲነገር ታካሚው በሚቀጥለው ወር አይመጣም። መፍትሔው ሚዛኑን በር ወዳለው ክፍል ማስገባት፣ ቁጥሩን በዝምታ መጻፍና ለታካሚው ከፈለገ ብቻ ማሳየት ነው።

ሚዛኑ ራሱ መታመን አለበት። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ይቀመጥ፤ ምንጣፍ ላይ ያለ ሚዛን ይዋሻል። ከእያንዳንዱ ሰው በፊት ዜሮ ላይ መሆኑ ይታይ። በሳምንት አንድ ጊዜ ለመፈተሽ ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይበቃል፤ 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፣ የባዶ ጀሪካኖቹ ክብደት ይደመርበታል። ሰውየው ጫማውን አውልቆ፣ ሞባይልና ቁልፍ አስቀምጦ፣ ከተቻለ በየቀጠሮው በተመሳሳይ ሰዓት ይመዘን። ጨው የበዛበት ምግብ፣ የወር አበባ ወይም ብዙ ውኃ መጠጣት በአንድ ቀን ውስጥ 1 ወይም 2 ኪሎ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ይህን ያልተረዳ ታካሚ በየማለዳው ቤቱ እየተመዘነ ቀኑን በቁጥሩ ይፈርዳል፤ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይመዘን መስማማት ያሳርፈዋል።

የጊዜ ሰሌዳውን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የስኳርና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበራት ባወጡት ስምምነት መሠረት እንደ ኦላንዛፒንና ሪስፔሪዶን ያሉ ሁለተኛ ትውልድ የሚባሉትን የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ሲጀምር፣ በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ ይመዘናል። ከመነሻው 5 በመቶ ከጨመረ መድኃኒቱን ስለ መቀየር ይታሰባል፤ 60 ኪሎ ለነበረ ሰው 3 ኪሎ ማለት ነው። የእንግሊዝ መመሪያ ከዚህ ጥብቅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት በየሳምንቱ መመዘን ይላል። ወገብ የሚለካው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ያገለግላል፤ ያረጀ ሜትር ግን ስለሚለጠጥ በማስመሪያ ይፈተሽ። ሜትሩን ታካሚው ራሱ ቢያዞረውና ባለሙያው ቢያነበው ይሻላል።

ታካሚው ቁጥሩን ይይ አይይ የሚለው አከራካሪ ነው። አንዳንዶች ጀርባውን ሰጥቶ ይመዘን ይላሉ። ራስን በማስራብ ወይም በልቶ በማስመለስ በሚታየው የአመጋገብ ሕመም ላይ የሚሠሩ በርካታ ባለሙያዎች ደግሞ ቁጥሩን አብሮ ማየት የፍርሃቱ ማከሚያ ነው ብለው ይቃወማሉ። ሁለቱም መከራከሪያ አላቸው፤ ለድብርት በመጣ ሰው ግን ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ቁጥር ማሳየት ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ይከብዳል። ኪሎን በሜትር ቁመት ካሬ አካፍሎ የሚገኘው መለኪያም የራሱ ወሰን አለው፦ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ቀመሩን ያቀረበው ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ የሕዝብን አማካይ ይፈልግ ነበር እንጂ የአንድን ሰው ጤና አልነበረም።

ንግግሩ

ጉዳዩን ማንሳት ያለበት ባለሙያው ነው፤ ታካሚው እስኪያነሳው መጠበቅ ሀፍረቱን መጋበዝ ነው። ጊዜው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀጠሮ፣ ከመውጫ ሰዓት 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በሩ ላይ የተነሳ ነገር ተከፍቶ ያድራል። «ስለ ሰውነትሽ ብናወራ ቅር ይልሻል?» ይባልና ፈቃዷ ይጠበቃል። በዕድሜ ለገፉ «እርስዎ» ይባላል፤ ከተማው «አንቺ» ቢልም እዚህ ክፍል ውስጥ አክብሮቱ ራሱ ሕክምና ነው። ከዚያ «አንቺ ምን ብለሽ ትጠሪዋለሽ?» ተብሎ የራሷ ቃል ይወሰዳል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች አሉ። «ኧረ አንቺ ወፍራም አይደለሽም» ማለት ደግ ይመስላል፤ ታካሚዋ ግን እንዳልተሰማች ትረዳና ዝም ትላለች። «ከሳሽ፣ አማረብሽ» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የከሳችው ድብርቱ ምግብ ስላስጠላት ወይም ከበላች በኋላ ስለምታስመልስ ሊሆን ይችላል፤ ምስጋናው ሕመሙን ያጸድቃል። ሳይጠየቁ የአመጋገብ ምክር መስጠትም እንደዚያው ነው፤ ያንን ከቤት ጠግባ መጥታለች።

የአመጋገብ ሕመም ካለ ለማጣራት እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 የወጡ አምስት ጥያቄዎች ይረዳሉ፦ ከመጠን በላይ ጠግበሽ ሆን ብለሽ ታስመልሻለሽ? መብላትሽን መቆጣጠር አቅቶሽ ትጨነቂያለሽ? በሦስት ወር ውስጥ ከ6 ኪሎ በላይ ቀንሰሻል? ሌሎች ቀጭን ነሽ እያሉሽ ወፍራም ነኝ ትያለሽ? ሐሳብሽን ሁሉ ምግብ ይዞታል? ሁለት «አዎ» ካለ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል። የረመዳንና የዐቢይ ጾም ወራት ይህን ይሸፍናሉ፤ ስለዚህ «ጾሙ ሲፈታ ምን ይሆናል?» የሚለው ይጨመር። ሁሉም ሲገድፍ እሷ ብቻ ጾሟን ከቀጠለች ነገሩ ሃይማኖት አይደለም።

ልምምዱ

ሀፍረት በማስረዳት ብቻ አይለቅም፤ ትንሽ በትንሽ መታየትን መለማመድ ያስፈልጋል። ከታካሚው ጋር ከ0 እስከ 10 ነጥብ የተሰጠው መሰላል ይሠራል። ለአንዲት ወጣት ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ አምስት ደቂቃ ማውራት 3፣ ያለ ጃኬት ከዚራ ጥላ ሥር መሄድ 5፣ ሰው በተሞላበት ቤት ሳምቡሳ አዝዞ መብላት 6፣ በልኳ ድሪያ ማሰፋት 7፣ ሰርግ ላይ መጨፈር 9 ሊሆን ይችላል። ከ3 ወይም 4 ይጀመራል፤ አንዱ እርከን በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደገማል። የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው፦ ጭንቀቱ አናት ላይ ሲደርስ አቋርጦ መውጣት ወይም ቦርሳውን በስልክ ተክቶ መደበቁን መቀጠል። ከልምምዱ በፊት አምስት ሰከንድ እያስገቡ አምስት ሰከንድ እያስወጡ ለሦስት ደቂቃ መተንፈስ ይረዳል።

ልብስ ማሰፋቱ ቀላል አይመስልም፤ ሜትሩ ወገብ ላይ ሲዞር ልብ ይመታል። ቢሆንም «ስቀንስ እገዛለሁ» ተብሎ ለዓመታት የተተወ ልብስ ሰውየውን ከሰርግ፣ ከለቅሶና ከሥራ ፍለጋ ያስቀራል። ዛሬ ባለው ልክ አንድ ጥሩ ልብስ መኖሩ ተግባራዊ ለውጥ ያመጣል።

ጫት

የምሥራቁን አገልግሎት የሚለየው አንዱ ነገር ጫት ነው። ከአወዳይ የሚመጣው ትኩስ ቅጠል ካቲኖን የሚባል አነቃቂ አለበት፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ከቀትር በኋላ የቃመ ሰው ምርቃናው እስኪወርድ እራት አይቀምስም። ኪሎ ለመቀነስ ብለው የሚቅሙ አሉ፤ ይህን ሳይጠየቁ አይናገሩም። ሲያቆሙ ረሃቡ ስለሚመለስ ኪሎ ይጨምራሉ፤ ጭማሪው ከጫቱ መቆም ነው ወይስ አብሮ ከተጀመረው መድኃኒት የሚለውን መለየት ብዙ ጊዜ አስቸጋሪ ነው። እንዲህ እንደሚሆን ከማቆሚያው ቀን በፊት ማስታወቅና እራትን በሰዓቱ መመለስ ወደ ቅሚያው የመመለስን ፈተና ያቀላል።

ቤተሰቡ

ታካሚው ከፈቀደ አንድ ቀጠሮ ለቤተሰብ ይሰጣል። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአንድ ወር ስለ ሰውነቱ ክፉም ደግም አለመናገር። «ወፈርክ»ም «ከሳህ»ም ይቀራል፤ ገበታ ላይ «ብላ»ም «በቃህ»ም አይባልም። እናቶች በመጀመሪያው ሳምንት ይቸገራሉ፣ እንግዳ ሲመጣም ይረሳል። ስለዚህ ለእንግዳ የሚባለው ቃል እዚያው ክፍል ውስጥ ይዘጋጃል፦ «እሱን ተወው፣ ይልቅ ቡና ደርሷል።»