የአሜሪካ የኪነ ጥበባትና የሰብዓዊ ጥናቶች ፈንዶች፦ አመሠራረታቸው፣ አሠራራቸውና የገጠማቸው

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለኪነ ጥበብና ሂዩማኒቲስ ለሚባሉት ሰብዓዊ ጥናቶች (ለታሪክ፣ ለቋንቋ፣ ለፍልስፍናና ለመሳሰሉት) በቋሚነት ገንዘብ መስጠት የጀመረው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሴፕቴምበር 29 ቀን 1965 በፈረሙት ሕግ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ሕጉ አንድ ብሔራዊ ፋውንዴሽን አቋቁሞ በሥሩ ሁለት ፈንዶችን አደራጀ፤ አንዱ ለኪነ ጥበባት፣ ሌላው ለሰብዓዊ ጥናቶች። እያንዳንዱ ፈንድ በፕሬዚዳንቱ የሚሾም ሊቀ መንበርና 26 አባላት ያሉት አማካሪ ምክር ቤት እንዲኖረው ተደረገ። ፋውንዴሽን የተባለው ግን ከጥላነት ያለፈ ነገር አይደለም። ሠራተኛውም ገንዘቡም ውሳኔውም ያለው በሁለቱ ፈንዶች እጅ ነው።

አሜሪካ ወደዚህ የመጣችው ዘግይታ ነው። ብሪታንያ ገና በጦርነቱ መካከል፣ በ1940፣ ፒልግሪም ትረስት ከተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ባገኘችው 25,000 ፓውንድ የሙዚቃና የሥነ ጥበባት ማበረታቻ ምክር ቤት ጀምራ፣ በ1946 በንጉሣዊ ቻርተር የኪነ ጥበባት ምክር ቤት አድርጋዋለች። በዋሽንግተን በዚያው ሰሞንና ከዚያም በኋላ የቀረቡ ተመሳሳይ ሐሳቦች ግን ኮንግረስ ደጃፍ ላይ እየወደቁ ቀሩ። ኬኔዲ በ1962 ኦገስት ሄክሸርን የኪነ ጥበብ አማካሪያቸው አድርገው ሾሙ፤ በጁን 1963 ደግሞ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ አማካሪ ምክር ቤት አቋቋሙ። አባላቱን ሳይሰይሙ ተገደሉ። ምክር ቤቱ በሕግ የጸናው በሴፕቴምበር 1964 ሲሆን፣ የቲያትር ፕሮዲዩሰሩ ሮጀር ስቲቨንስ ሊቀ መንበር ሆኑ። ይህ ምክር ቤት ይመክር ነበር እንጂ የሚያድለው ገንዘብ አልነበረውም።

የምሁራኑ ጥያቄ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ከ1950 ጀምሮ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነበረው፤ የታሪክ፣ የቋንቋና የፍልስፍና ተመራማሪዎች ግን ከዩኒቨርሲቲያቸውና ከጥቂት የግል ፋውንዴሽኖች ሌላ የሚያንኳኩት በር አልነበራቸውም። ስለዚህ ሦስት የምሁራን ማኅበራት ተባብረው በብራውን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት በባርናቢ ኪኒ የሚመራ ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ በኤፕሪል 1964 ባወጣው ሪፖርት ለሰብዓዊ ጥናቶችም የሳይንሱን የመሰለ ብሔራዊ ተቋም እንዲቋቋም ጠየቀ። ጆንሰን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በብራውን ባደረጉት ንግግር ሐሳቡን ደገፉት። ብራውን ያለው በሮድ አይላንድ ነው፤ የሮድ አይላንድ ሴናተር ደግሞ የኪነ ጥበቡን ረቂቅ ሕግ በሴኔት ይገፋ የነበረው ክሌይቦርን ፔል ነበር። ሁለቱ ጉዳዮች የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

መገናኘታቸው ለሁለቱም ጠቀመ። የኪነ ጥበብ ደጋፊዎች የታወቁና የተደመጡ ቢሆኑም ብዙዎቹ በኒው ዮርክና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች የተከማቹ ስለነበሩ ከገጠር አውራጃ ለተመረጠ እንደራሴ ጉዳዩ የራሱ አልነበረም። ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ግን በየምርጫ ክልሉ አለ። ምሁራኑ በበኩላቸው ብቻቸውን ቢቀርቡ ማንም ጋዜጣ አይጽፍላቸውም ነበር። ለየብቻ ቢመጡ ኖሮ ማለፋቸው ያጠራጥራል። ብሪታንያ ሁለቱን ለየብቻ ስላስኬደቻቸው የሰብዓዊ ጥናቶቹ የምርምር ምክር ቤት ሙሉ ቁመናውን ያገኘው በ2005 ነው።

ክርክሩ ቀልድም አልጎደለውም። ሕጉ ኪነ ጥበብ ለሚለው ቃል ረጅም ዝርዝር ሰጥቶ ነበር፤ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ድራማ፣ የሕዝብ ጥበብ፣ ድርሰት፣ ሥነ ሕንፃ፣ ሥዕል፣ ፎቶግራፍ፣ ፊልም፣ ራዲዮና ሌላም። የአዮዋው እንደራሴ ኤች አር ግሮስ በዝርዝሩ ላይ ቤዝቦል፣ ፉትቦል፣ ጎልፍና ፖከር እንዲጨመሩ የማሻሻያ ሐሳብ አቀረበ። የሆድ ውዝዋዜንም የእያንዳንዱን ጡንቻ የሕክምና ስም እየጠራ አስገባው። ማሻሻያው ወደቀ። የዝርዝሩ ጥቅም ግን ከዚያ በኋላ ታየ፦ አንድ የሥራ ዘርፍ ይደገፍ አይደገፍ በሚል በየዓመቱ እንዳይጨቃጨቁ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፍቶታል።

ለመጀመሪያው በጀት ዓመት ለኪነ ጥበቡ ፈንድ የተሰጠው 2.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የመጀመሪያው ድጋፍ 100,000 ዶላር ሲሆን የደረሰው ለአሜሪካን ባሌት ቲያትር ነው። የሰብዓዊ ጥናቶቹ ፈንድ የመጀመሪያ ድጋፍ ደግሞ 25,000 ዶላር ነበር፤ በዬል ዩኒቨርሲቲ የፓፒረስ (የጥንቱ የደንገል ወረቀት) ጽሑፎች ንባብ ለሚሰጥበት የክረምት ሥልጠና ዋለ። ኪኒ ራሳቸው የዚህኛው ፈንድ የመጀመሪያ ቋሚ ሊቀ መንበር ሆኑ።

ገንዘቡ የሚያልፍባቸው በሮች

የተቋሙ ብልሃት ያለው በገንዘቡ መጠን ሳይሆን ማን “አይሆንም” ማለት እንደሚችል በተደለደለበት መንገድ ነው። ማመልከቻ መጀመሪያ የሚቀርበው ለባለሙያ ገምጋሚ ቡድን ነው። የውዝዋዜ ማመልከቻ በውዝዋዜ ሰዎች፣ የታሪክ ምርምር በታሪክ ምሁራን ይነበባል። ገምጋሚዎቹ ከውጭ የሚመጡ ሲሆኑ ይቀያየራሉ፤ ከአመልካቹ ጋር የጥቅም ግንኙነት ያለው ሰው በዚያ ማመልከቻ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ከ1990 ወዲህ በኪነ ጥበቡ ገምጋሚ ቡድን ውስጥ ሙያተኛ ያልሆነ፣ ጉዳዩን ግን የሚያውቅ ተራ ዜጋ እንዲኖር ግድ ሆኗል። ሁለተኛው በር ምክር ቤቱ ነው። አባላቱን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔት ያጸድቃል፤ የሥራ ዘመናቸው 6 ዓመት ሲሆን ተራ በተራ ስለሚያልቅ አንድ ፕሬዚዳንት ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ይቸግረዋል። የመጨረሻው ፊርማ የሊቀ መንበሩ ነው፤ የእሱ ዘመን 4 ዓመት ነው። በኪነ ጥበቡ ፈንድ ምክር ቤቱ ያልተቀበለውን ማመልከቻ ሊቀ መንበሩ ሊያጸድቅ አይችልም። ምክር ቤቱ ያሳለፈውን ግን መጣል ይችላል።

ከዚህ ሌላ ሕጉ የፌዴራል መንግሥት በየትኛውም ትምህርት ቤት ወይም የፌዴራል ባልሆነ ድርጅት ፖሊሲ፣ ሠራተኛ፣ ሥርዓተ ትምህርትም ሆነ አስተዳደር ላይ ቁጥጥር እንዳያደርግ የሚከለክል አንቀጽ አለው። በእኛ ግምት ከሕጉ ሁሉ ይህ አንቀጽ ይበልጣል። ሌላ አገር ተመሳሳይ ተቋም ሲያቋቁም በቀላሉ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

ሁለቱን ፈንዶች የሚያገናኝ የፌዴራል ምክር ቤትም አለ። ስሙ እምብዛም አይነሳም፤ ይሁንና ከ1975 ጀምሮ ከሌላ አገር ለሚመጡ የሙዚየም ዐውደ ርእዮች መንግሥት የኢንሹራንስ ዋስ የሚሆንበትን ፕሮግራም ያስተዳድራል። ጉዳት እስካልደረሰ ድረስ መንግሥት የካሳ ገንዘብ ስለማያወጣ፣ በትንሽ ወጪ ብዙ ሥራ ከሠሩ ፕሮግራሞች አንዱ ነው።

ለክልሎች የሚሄደው ድርሻ ተቋሙን በፖለቲካ ያቆየው ምሰሶ ነው። በ1965 ሕግ እያንዳንዱ ክልል የራሱን የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ሲያቋቁም ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ ከዚያ በፊት በ1960 የተቋቋመው የኒው ዮርኩ ብዙ አቻ አልነበረውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁሉም ክልሎች አቋቋሙ። ዛሬ ከግዛቶቹ ጋር 56 ናቸው፤ ከኪነ ጥበቡ ፈንድ የድጋፍ ገንዘብ 40 በመቶው ለክልልና በርካታ ክልሎችን ለሚያቅፉ የቀጣና ድርጅቶች ይሄዳል። የሰብዓዊ ጥናቶቹ የክልል ምክር ቤቶች ከ1971 ጀምሮ የተቋቋሙ ሲሆን፣ እነሱም 56 ናቸው። ልዩነታቸው የኪነ ጥበቦቹ የክልል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲሆኑ የሰብዓዊ ጥናቶቹ የግል በጎ አድራጎት ድርጅቶች መሆናቸው ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ የፌዴራል ገንዘብ ሲቆም ግን የመጀመሪያዎቹ በክልሉ በጀት ሲተነፍሱ ሁለተኛዎቹ ወዲያው ሠራተኛ ይቀንሳሉ።

የተሰነጠቀበት ቦታ

ናንሲ ሃንክስ ከ1969 እስከ 1977 የኪነ ጥበቡን ፈንድ ሲመሩ በጀቱ ከዐሥር ዕጥፍ በላይ አደገ። በ1992 ወደ 176 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ውድቀቱ ግን ከዚያ በፊት ተጀምሯል። በ1989 ሁለት ጉዳዮች ኮንግረስን አነደዱ። አንዱ ግልጽ ወሲባዊ ምስሎች የነበሩበት የሮበርት ሜፕልቶርፕ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ሲሆን አዘጋጁ የሥነ ጥበብ ማዕከል 30,000 ዶላር ተቀብሎ ነበር። ሌላው የስቅለት ምስል በሽንት ውስጥ ተነክሮ የሚታይበት የአንድሬስ ሴራኖ ፎቶግራፍ ነው፤ ሴራኖ 15,000 ዶላር ያገኘው ከፈንዱ በቀጥታ ሳይሆን 75,000 ዶላር ድጋፍ ከተቀበለ በሰሜን ካሮላይና የሚገኝ ማዕከል ነው። የክልሉ ሴናተር ጄሲ ሄልምስ ጉዳዩን ይዞ ተነሳ። የፈንዱ ገምጋሚዎች የሴራኖን ሥራ ለብቻው መርጠው አልነበረም፤ ገንዘቡ በሌላ እጅ ተላልፎ ነው የደረሰው። ለሕዝብ ሲነገር ግን ይህ ልዩነት ጠፋ።

ውጤቱ በ1990 ሕጉ ውስጥ የገባው “የጨዋነት መመዘኛ” ነው፤ ግምገማው አጠቃላይ የጨዋነት ደረጃንና የአሜሪካ ሕዝብን የተለያየ እምነትና እሴት እንዲያገናዝብ አዘዘ። በዚያው ዓመት ሊቀ መንበሩ ጆን ፍሮንማየር ገምጋሚዎች የመረጧቸውን የአራት የመድረክ አርቲስቶች ድጋፍ ጣለ። አርቲስቶቹ ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 በ8 ለ1 ድምፅ አንቀጹ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ትልቁ ቅጣት ግን በበጀት መጣ፦ በ1996 ወደ 99 ሚሊዮን ዶላር ወረደ፤ ለግለሰብ አርቲስቶች የሚሰጠው ድጋፍ ከሥነ ጽሑፍና ከክብር ሽልማቶች በስተቀር ቆመ፤ ለአንድ ድርጅት የወቅት ሥራ በሙሉ የሚሰጥ ድጋፍም ተከለከለ፤ ገንዘብን ለሌላ ማስተላለፍም ከክልል፣ ከቀጣናና ከአካባቢ የኪነ ጥበብ መሥሪያ ቤቶች በቀር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፈንዱ የሚደግፈው በዋናነት የተወሰነ ፕሮጀክት ያለውን ድርጅት ነው።

ሌላው ስንጥቅ የማይታይ ነው። ተቋሞቹን በየጊዜው የሚያድሰው የፈቃድ ሕግ በ1993 ጊዜው አልፎ አልታደሰም። ከዚያ ጀምሮ በየዓመቱ በሚጸድቅ በጀት ብቻ ይኖራሉ። በ2024 እያንዳንዳቸው 207 ሚሊዮን ዶላር አግኝተዋል። በኤፕሪል 2025 ግን የሰብዓዊ ጥናቶቹ ፈንድ ከሺህ በላይ የተፈረሙ ድጋፎችን በአንድ ጊዜ ሰረዘ፤ በሜይ የኪነ ጥበቡ ተከተለ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። በምክር ቤትና በገምጋሚዎች የታጠረው ገንዘቡን የመስጠት ውሳኔ ነበር፤ የተሰጠውን መልሶ የማቋረጡ በር ያን ያህል አጥር አልተሠራለትም።

ድጋፍ ሲጠየቅ

የኪነ ጥበቡ ፈንድ ዋና ፕሮግራም ከ10,000 እስከ 100,000 ዶላር ይሰጣል። አመልካቹ ዳያስፖራው “ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ” የሚለው ከግብር ነፃ ድርጅት፣ ወይም የክልል፣ የአካባቢ ወይም የነባር ጎሳ መንግሥት አካል መሆን አለበት። ቀድሞ የ3 ዓመት የሥራ ታሪክ ይበቃ ነበር፤ በ2025 ወደ 5 ዓመት ከፍ ብሏል። ገንዘቡ ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ አይበልጥም። ለምሳሌ 40,000 ዶላር ለሚፈጅ የዜማ ፌስቲቫል ከፍተኛው ጥያቄ 20,000 ነው። ቀሪው ከቲኬት፣ ከአባላት መዋጮ፣ ወይም በነፃ ከተሰጠ አዳራሽ ሊመጣ ይችላል፤ የአዳራሹ ዋጋ ግን ባለቤቱ በተለምዶ በሚያስከፍለው ልክ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። ከሌላ የፌዴራል ምንጭ የመጣ ገንዘብ አይቆጠርም። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ከክልሉ ምክር ቤት ያገኙት ድጋፍ በውስጡ የፌዴራል ገንዘብ እንዳለበት ሳያጣሩ ይመዘግቡታል። የእራት ግብዣ፣ የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽትና ግንባታ አይሸፈኑም፤ የድጋፉ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት የወጣ ወጪም እንዲሁ።

ከሁሉ በላይ ማመልከቻ የሚጥለው ግን የጽሑፍ ድክመት ሳይሆን ምዝገባ ነው። ድርጅቱ ሳም ዶት ገቭ በተባለው የፌዴራል መዝገብ ተመዝግቦ 12 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት መለያ መያዝ አለበት፤ ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። የድርጅቱ ስም በግብር ቢሮው ዘንድ ካለው በአንዲት ቃል ቢለይ ማረጋገጫው ሳምንታት ይወስዳል፤ የማመልከቻው ቀን ደግሞ አይጠብቅም። ምዝገባውን ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድሞ መጀመር ይሻላል። ከማመልከቻ እስከ መልስ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ወር አያንስም፤ ስለዚህ በቅርብ ወራት ለሚካሄድ በዓል መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ለጀማሪ ማኅበር የክልሉ ወይም የከተማው ምክር ቤት ይቀላል፤ የሚጠይቀው ወረቀት ያነሰ ነው፤ እዚያ ያለውን የፕሮግራም ኃላፊም ስልክ ደውሎ ማነጋገር ይቻላል።

የኢትዮጵያ ነገርም በሁለቱም ፈንዶች መዝገብ ውስጥ አለ። ከ1973 ጀምሮ በአዲስ አበባና በሚኒሶታ ትብብር የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ያነሳው ፕሮጀክት በሰብዓዊ ጥናቶቹ ፈንድ ተደግፏል። ወደ 9,000 የሚጠጉ የግዕዝና የአማርኛ ጽሑፎች በዚህ ሥራ ተቀርጸዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ከ1976 ጀምሮ ለዓመታት ካታሎጉን አዘጋጅተዋል። በኪነ ጥበቡ በኩል በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩት የቅዱስ ያሬድ ዜማ ሊቅ ሊቀ መዘምራን ሞገስ ሥዩም በ2008 ብሔራዊ የቅርስ ፌሎውሺፕ ተሸልመዋል። ይህ ሽልማት ከ1982 ጀምሮ ለባህላዊ ጥበብ ባለቤቶች የሚሰጥ የክብር ማዕረግ ነው። ባለሙያው ራሱ አያመለክትም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ይጠቁመዋል፣ ከጥቆማው ጋርም የሥራው ናሙናና የምስክርነት ደብዳቤዎች ይቀርባሉ።