ሦስት ማዕዘን ያየ ሁሉ «ፍሪሜሶን!» ሲል፦ ስለ ፊሊፒንስ የካቶሊክ ቅርስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የታሪክ መምህር ነኝ። ወደ መምህርነት ከመመለሴ በፊት ግን ስድስት ዓመት ዱባይ ውስጥ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ከፊሊፒናውያን ጋር ስለሠራሁ፣ ተማሪዎቼ በስልካቸው የሚያሳዩኝ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያንገሸግሸኛል። የፊሊፒንስ ሰንደቅ ዓላማ ይታያል፤ በላዩ ላይ ያለው ነጭ ሦስት ማዕዘን በቀይ መስመር ይከበባል፤ የሚያስፈራ ሙዚቃ ይለቀቃል፤ ከዚያም አንድ ድምፅ ይህ ካቶሊክ ሕዝብ ሳያውቀው በፍሪሜሶን፣ ማለትም ምስጢር በሚጠብቅ የወንድማማችነት ማኅበር፣ ምልክት ሥር እንደሚኖር ያውጃል። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከመቶው 78.8 ያህሉ ካቶሊክ ነኝ ስላለ አገር፣ አንድ ቀን እንኳ ስለ ታሪኩ ያላነበበ ሰው በደቂቃ ተኩል ፍርድ ይሰጣል ማለት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥቃቅኖቹን ስህተቶች አስቀድሜ ላራግፋቸው።

«ፍሪሜሶንና ኢሉሚናቲ አንድ ናቸው።» አይደሉም። ኢሉሚናቲ የተባለው ማኅበር በ1776 በባቫርያ ተመሥርቶ አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው በመንግሥት ትእዛዝ የታገደ ነው፤ የፍሪሜሶኖች የመጀመሪያው ታላቅ ሎጅ ግን (ሎጅ የሚሉት አባላቱ የሚሰባሰቡበትን ማኅበር ነው) በ1717 ለንደን ላይ ተቋቁሞ፣ ከእሱ የተወለዱት ሎጆች እስከ ዛሬ በብዙ አገር በአደባባይ ሕንፃ ይሰበሰባሉ።

«በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለችው ዓይን የፍሪሜሶን ፈጠራ ናት።» ይህቺ ዓይን የእግዚአብሔርን ሁሉን ተመልካችነት፣ ሦስት ማዕዘኑም ቅድስት ሥላሴን ለማመልከት ከሎጆቹ መቋቋም በፊት በካቶሊክ ሥዕሎች ላይ የነበረች ናት፤ ሎጆቹ የወሰዷት ኋላ ነው። ማኒላ ውስጥ በኪያፖ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ «አንቲንግ-አንቲንግ» የሚባሉ፣ በእኛ አነጋገር ክታብ ልንላቸው የምንችል የብረት ጌጦች ይሸጣሉ። ዓይንና ሦስት ማዕዘን፣ ከዳር ዳር ደግሞ ገዢውም ሻጩም የማያነበው የላቲን ጽሑፍ አለባቸው። የሚገዟቸው ሻማ አብርተው ከቤተ ክርስቲያኑ የወጡ ምእመናን ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ክታቡን አትወደውም፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፍሪሜሶንነትን ፈቅዳለች።» ይህ ደግሞ የሚነገረው ከሁለት ተቃራኒ ወገኖች ነው፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያኒቱን ለመክሰስ፣ ሌላው ሎጅ ለመግባት ሰበብ ሲፈልግ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 12ኛ በ1738 አወገዙ፤ ልዮን 13ኛ በ1884 በሰፊው ጽፈው ውግዘቱን አጸኑ፤ የ1917ቱም ሕገ ቀኖና የማኅበሩን ስም ጠርቶ ከቤተ ክርስቲያን የሚለይ ቅጣት ደነገገ። ስህተቱ የተወለደው በ1983 አዲሱ ሕገ ቀኖና ሲወጣ የማኅበሩን ስም ሳይጠራ በመቅረቱ ነው። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኖቬምበር 26 ቀን 1983፣ የቫቲካን የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ ፍርዱ እንዳልተለወጠ፣ አባል የሆነ ካቶሊክም በከባድ ኃጢአት ውስጥ ስላለ ወደ ቅዱስ ቁርባን መቅረብ እንደማይችል በግልጽ አስታወቀ፤ ግን የመጀመሪያውን ወሬ የሰማ ሁለተኛውን አይሰማም። በኖቬምበር 2023 ይኸው መልስ እንደገና የተሰጠው ለማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ በሀገረ ስብከታቸው የሎጅ አባላት ቁጥር እየጨመረ መምጣቱ ላሳሰባቸው የዱማጌቴ ጳጳስ፣ ማለትም ለፊሊፒንስ ጳጳስ ነው። ከልካይዋ ቤተ ክርስቲያንም ሎጅ የሚገባው ምእመንም በዚያው አገር አብረው ይኖራሉ።

ለምን እንደምትከለክል የሚጠይቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የደም መጠጣት ታሪክ እንድነግረው ይፈልጋል። ምክንያቱ ግን ከዚያ ይልቅ ደረቅ ነው፦ ሎጁ አባሉን በአንድ የበላይ አካል እንዲያምን ብቻ ጠይቆ ሃይማኖቶችን ሁሉ በአንድ ደረጃ ያያል፣ አባሉም ለምስጢር ይምላል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሁለቱንም ከእምነቷ ጋር የማይታረቁ አድርጋ ትቆጥራቸዋለች።

በሥራ ክፍላችን እኛ «እትዬ» እንደምንለው «አቴ» እያልን የምንጠራት፣ ከኢሎኢሎ የመጣች ሴት ነበረች። ወንድ አያቷ የሎጅ አባል ነበሩ፤ እሑድ ግን ቅዳሴ አያስታጉሉም ነበር። በቀብራቸው ዕለት የሎጁ ሰዎች አባላቱ የሚታጠቁትን ነጩን ሽርጥ አምጥተው ሳጥኑ ላይ ሲያነጥፉት፣ ቄሱ ይህ ካልተነሣ ፍትሐት አላደርስም አሉ። ሴት አያቷ ምንም ሳይናገሩ ሽርጡን አንሥተው፣ አጥፈው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና ጸሎቱ ቀጠለ። አቴ ይህን ስትነግረን ትስቅ ነበር። ስለ ፊሊፒንስና ስለ ፍሪሜሶን ከሰማሁት ሁሉ እውነቱን የያዘልኝ ይህ ነው።

«ሆሴ ሪሳል ፀረ ሃይማኖት ነበር።» ፊሊፒንስ በስፔን ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች የኖረው የአገሪቱ ብሔራዊ ጀግና ሪሳል ማድሪድ ሳለ ሎጅ መግባቱ፣ በ1887 እና በ1891 ባሳተማቸው ሁለት ልብ ወለዶች ስፔናውያኑን ገዳማውያን ክፉኛ መተቸቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያስተማሩት ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው፤ ተማሪ ሳለ በእንጨት የቀረጸው የኢየሱስ ቅዱስ ልብ ሐውልትም ዲሴምበር 30 ቀን 1896 ከመረሸኑ በፊት እስር ቤቱ ድረስ መጥቶለታል። በመጨረሻዋ ሌሊት ፍሪሜሶንነትን ክዶ ፈረመ የሚባልበት ወረቀት በ1935 በማኒላ ሊቀ ጳጳስ መዝገብ ቤት ተገኘ፤ ሎጆቹ የተጭበረበረ ነው ይላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን እውነተኛ ነው ትላለች፣ ክርክሩም ገና አልበረደም። በ1956 መጻሕፍቱ በትምህርት ቤት እንዲነበቡ የሚያስገድድ ሕግ ሲወጣ ጳጳሳቱ አጥብቀው ተቃውመዋል። ሁለቱም ወገኖች ሰውየውን ለራሳቸው የሚሻሙት፣ ከሁለቱም ቤት ስላለፈ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ «የፊሊፒንስ አብዮት በካቶሊክ ሃይማኖት ላይ የተጠነሰሰ የፍሪሜሶን ሴራ ነው፤ ማስረጃውም በሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ነው።»

እውነት የሆነውን አስቀድሜ ልስጥ፤ ከዚያ በኋላ ማንም «ደበቅህ» እንዳይለኝ። አንድሬስ ቦኒፋሲዮ ጁላይ 7 ቀን 1892 ማኒላ ውስጥ ካቲፑናን የተባለውን ምስጢራዊ የአርበኞች ማኅበር ሲመሠርት እርሱ ራሱ የሎጅ አባል ነበር። የአቀባበሉ ሥርዓት፣ ማለትም ዓይን መሸፈኑ፣ ጨለማው ክፍል፣ ጥያቄና መልሱ፣ ማዕረጉና የምስጢር ስሙ ከሎጅ የተቀዳ ነው። በዚህ የሚከራከር የለም። ከአብዮቱ መሪዎች ኤሚሊዮ አጊናልዶም፣ አፖሊናርዮ ማቢኒም፣ በስፔን ሆነው ጋዜጣ ያዘጋጁ የነበሩት እነ ማርሴሎ ዴል ፒላርም ሎጅ ገብተዋል።

ነገር ግን ቪዲዮ ሠሪው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው። ካቲፑናን ሦስት ማዕረግ ነበረው፤ ለሁለተኛው ማዕረግ አባላት የተሰጠው የይለፍ ቃል «ጎምቡርሳ» የሚል ነበር። ጎምቡርሳ ምን መሰላችሁ? የጎሜስ፣ የቡርጎስና የሳሞራ ስሞች መጀመሪያ ተገጣጥሞ የተሠራ ቃል ነው። ሦስቱም የካቶሊክ ካህናት ናቸው። ስፔናውያኑ ገዳማውያን ቁምስናዎችን ለአገሬው ተወላጅ ካህናት እንዲለቁ ይሟገቱ ነበር። በ1872 በካቪቴ የተነሣውን የወታደሮች ዓመፅ አነሣሥታችኋል ተብለው በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 17 ቀን በአደባባይ በብረት ማነቂያ ተገደሉ። ጎሜስ የ72 ዓመት አረጋዊ፣ ቡርጎስ የ35 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። የማኒላው ሊቀ ጳጳስ፣ ያውም ስፔናዊ፣ ክህነታቸውን እንዲገፍፉ ቢታዘዙ እምቢ አሉ። ሪሳልም ሁለተኛ ልብ ወለዱን መታሰቢያነቱን የሰጠው ለእነዚሁ ለሦስቱ ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያንን ለማጥፋት ተመሠረተ የሚባለው ማኅበር በጨለማ በር ላይ «ማን ነህ?» ሲባል የሚመልሰው የሦስት ቀሳውስትን ስም ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያስቀር ሰው ስለ ሴራ ሲያወራኝ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ሦስት ማዕዘኑንስ? ጁን 12 ቀን 1898 በካዊት የተነበበው የነፃነት አዋጅ ራሱ ያብራራዋል፤ ነጩ ሦስት ማዕዘን በደም ቃል ኪዳኑ ሕዝቡን ለዓመፅ ያነሣሣው የካቲፑናን መለያ ምልክት ነው ይላል። ካቲፑናን መጀመሪያ አባላት ይመለምል የነበረውም በሦስት በሦስት ሰው ሲሆን፣ አንዱ ሁለት ሰው ያመጣል፣ ሁለቱ ግን እርስ በርስ አይተዋወቁም ነበር። ምልክቱ በካቲፑናን በኩል ከሎጅ ጋር ዝምድና አለው ብትሉኝ አልጣላችሁም። ግን የልጅ ልጅን አያቱ ነው ብሎ መክሰስ የታሪክ ሥራ አይደለም።

ይልቅስ አብዮቱን ለተርታው ሰውና ለገበሬው ያስረዳው ቋንቋ የሎጅ አልነበረም። በፊሊፒንስ በሰሙነ ሕማማት «ፓስዮን» የሚባል የጌታን ሕማም የሚተርክ ረጅም ግጥም፣ በእኛ አገር ግብረ ሕማማት እንደሚነበበው፣ ቀንና ሌሊት ይዜማል። የድሀው ልጅ ስለ ክህደት፣ ስለ ግርፋት፣ ስለ ትንሣኤ የሚያውቀው ከዚያ ነው፤ አገሩ እንደ ክርስቶስ ተሰቃይታ እንደምትነሣ ሲነገረው ወዲያው ይገባዋል። ቦኒፋሲዮና ጓደኞቹ በ1895 ወደ ሞንታልባን ተራራ ወጥተው በፓሚቲናን ዋሻ ግድግዳ ላይ ነፃነትን የሚያወድስ ቃል የጻፉት በሌላ ቀን ሳይሆን በሰሙነ ሕማማት ነው።

«ሎጆቹ ነፃ አውጪዎች ነበሩ» ለሚሉ ተቃራኒዎችም አንድ ነገር ልበል። በ1856 በካቪቴ የተከፈተው የመጀመሪያው ሎጅ የስፔናውያን መኮንኖች ሲሆን ፊሊፒናውያንን አያስገባም ነበር፤ የራሳቸው የሆነውን ኒላድ የተባለውን ሎጅ ማኒላ ላይ ያገኙት ገና በ1892 ነው።

«ሕንፃዎቹ ሁሉ የስፔን ቅርስ ናቸው» የሚለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1797 የተጠናቀቀው የሚያጋኦ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1993 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት አራት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። የፊት ግድግዳው ላይ ቅዱስ ክሪስቶፎሮስ ሕፃኑን ኢየሱስን ተሸክሞ ወንዝ ሲሻገር ተቀርጿል፤ የሚደገፈው ግን የኮኮናት ዛፍ ሲሆን ዙሪያውን ፓፓያና ዘይቱና በቅለዋል። ስፔን ውስጥ ይህን አታገኙትም። የአገሬውን እጅ ላለማየት መሽቀዳደም በእኛም ላይ የደረሰ ነው፤ ላሊበላን ቴምፕላሮች የተባሉት የአውሮፓ የመስቀል ጦረኞች ሠሩት የሚል ወሬ ያለ አንዳች ማስረጃ ስንት ዓመት ተዟዟረ!

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር አሰልቺ ነው፤ ግን እደግመዋለሁ። ምልክት ሲያሳዩአችሁ መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንዳሠራው፣ ያሠራው ሰው ራሱ ስለ ትርጉሙ ምን ብሎ እንደጻፈ ጠይቁ። ቪዲዮው ለሦስቱ አንዱን እንኳ ካልመለሰ ስልኩን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። የእምነት ጥያቄ ያለው ካቶሊክ ከሆነ ደግሞ ወደ ቁምስናው ካህን ይሂድ፤ ሎጅ መግባት የተከለከለ ስለመሆኑ ቪዲዮ ማየት አያስፈልገውም።

ከዱባይ ስመለስ አቴ ለመታሰቢያ የሰጠችኝ፣ ያረጀ የፊሊፒንስ የአሥር ፔሶ ኖት አለኝ፤ ክርክሩ ሲጦፍ ጠረጴዛ ላይ አደርገዋለሁ። በፊቱ ላይ ማቢኒና ቦኒፋሲዮ አሉ፤ ሁለቱም የሎጅ ሰዎች። በጀርባው ላይ በአንድ በኩል የካቲፑናን አባላት የደም ቃል ኪዳን ሲገቡ ይታያሉ። በሌላው በኩል ያለው ባራሶአይን የተባለው የማሎሎስ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በ1898 የአብዮቱ ምክር ቤት የተሰበሰበው፣ መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ አይለያዩ ብሎ ተከራክሮ በአንድ ድምፅ ብልጫ ይለያዩ ያለው፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር ነበር።