አፈርን በቤት ውስጥ መመርመር

አፈርን በቤት ውስጥ መመርመር ከጓሮ በተቆፈረ አንድ ኩባያ አፈር የሚጀመር የትርፍ ጊዜ ሳይንስ ነው። በኢትዮጵያ ግን ከባዶ አይነሳም። ገበሬው መሬቱን «ዋልካ» (ጥቁር ሸክላማ አፈር)፣ «ቀይ»፣ «ቦዳ» እያለ ሲለይ ስለ ቀለም ብቻ አይናገርም። ዋልካ ሲል በክረምት ውሃ እንደሚያቁር፣ በበጋ እንደሚሰነጣጠቅ፣ በሬ እንደሚያደክም አብሮ መናገሩ ነው። የቤት ሙከራ የዚህን ዕውቀት ምክንያት በዓይን ለማየት ያስችላል።

የታወቀው ሙከራ የጠርሙስ ነው። የአፈ ሰፊ ጠርሙስን ሲሶ በአፈር ሞልቶ፣ ውሃና ጥቂት ዱቄት ሳሙና ጨምሮ፣ በኃይል ነቅንቆ ማስቀመጥ ነው። አሸዋው በ1 ደቂቃ ይዘቅጣል፤ ደለሉ 2 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ እጅግ ደቃቁ ቅንጣት፣ ሸክላው፣ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል። ከዚያ የሦስቱን ድርሻ ለማወቅ ንብርብሩ በማስመሪያ ይለካል።

ጠርሙሱ ግን ሁሉንም አይነግርም። ከእንጦጦ ግርጌ የመጣ ቀይ አፈርና ከቦሌ አካባቢ የመጣ ጥቁር አፈር ሁለቱም ብዙ ሸክላ ሊያሳዩ ይችላሉ። ልዩነታቸውን የሚያወጣው ቀለል ያለ ሌላ ሙከራ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠውም ይኸው ነው። ሁለቱን ለየብቻ አቡክቶ፣ በሁለት የቆርቆሮ ክዳኖች እስከ አፋቸው ጠቅጥቆ፣ ፀሐይ ላይ ማዋል። ዋልካው ሲደርቅ ከክዳኑ ጠርዝ ተላቆ ይሸሻል፣ መሐሉም ይሰነጠቃል፤ ቀዩ ብዙም አይኮማተርም። ስመክታይት የተባለው የዋልካ ማዕድን ውሃን በንጣፎቹ መካከል አስገብቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በቀይ አፈር የሚበዛው ካኦሊናይት ይህ ጠባይ የለውም። በጥቁር አፈር ላይ በቂ መሠረት ሳይጣል የተሠራ ግድግዳ የሚሰነጠቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሲዳማነትን መለካት ይከብዳል። የቀይ ጥቅል ጎመን መረቅ አሲድ ሲያገኝ ወደ ሮዝ፣ ተቃራኒውን ሲያገኝ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ነገር ግን መካከለኛ አሲዳማነትን ሊስተው ስለሚችል የፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ወረቀት ይሻላል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በተለያየ ደረጃ አሲዳማ ሲሆን፣ መድኃኒቱም ኖራ ነው። በአንጻሩ በመቀሌ ዙሪያ እንዳለው ከኖራ ድንጋይ በወጣ አፈር ላይ አቼቶ ሲንጠባጠብበት አፈሩ ይፈላል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ኖራ ወይም አመድ መነስነስ ከንቱ ድካም ነው።

የንጥረ ነገር እጥረትን ግን ላቦራቶሪ ካልሆነ የሚያውቀው የለም። ሀገሪቱ ለብዙ ዓመታት ዳፕና ዩሪያ በተባሉ ማዳበሪያዎች ብቻ ስትጠቀም ቆይታ፣ የድኝ፣ የቦሮንና የዚንክ እጥረት በስፋት መኖሩ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 በተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ነው። ናሙና ለላቦራቶሪ የሚልክ ሰው ከአንድ ጉድጓድ ብቻ አይውሰድ። ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሮ፣ ቀላቅሎ፣ በጥላ ያድርቀው፤ ፍግና አመድ የተደፋበትን ቦታ ይተው።