ሴሽን ምንድን ነው? ሎግኢን ካደረጋችሁ በኋላ የሚሆነው

ሎግኢን ፎርም መሥራት ከባድ አይደለም። ዩዘርኔም፣ ፓስወርድ፣ አንድ በተን። የገባውን ፓስወርድ ዳታቤዝ ውስጥ ካለው ሀሽ (ከፓስወርዱ ተሰልቶ የተገኘ፣ ወደ ኋላ የማይመለስ ኮድ) ጋር ማመሳከር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቢክሪፕት ወይም አርጎን2 ስላሉ አዲስ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልግም። (ፓስወርድን እንዳለ የሚያስቀምጥ ካለ፣ ይህን ማንበብ ትቶ መጀመሪያ እሱን ያስተካክል።) ልክ ከሆነ «እንኳን ደህና መጡ» ይባላል፤ አለቀ። ከዚያ ተጠቃሚው ቀጣዩን ሊንክ ይነካል፤ ሰርቨሩም «ማን ልበል?» ይለዋል።

ሰርቨሩ ዘንግቶት አይደለም። ድሮም አላወቀውም። ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ ያለፈውን አይዝም። አንድ ጥያቄ ይመጣል፣ መልሱ ይሰጣል፣ እዚያው ላይ ያበቃል። ከአንድ ሰከንድ በፊት ፓስወርድ ያስገባው ሰውና አሁን ፕሮፋይሌን አሳየኝ የሚለው ሰው አንድ መሆናቸውን ሰርቨሩ በምን ይወቅ?

አንዱ መላ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ፓስወርዱን መላክ ነው። ቤዚክ የሚባለው የቆየ ዘዴ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ብራውዘሩ ዩዘርኔምና ፓስወርዱን ይዞ በየጥያቄው ደጋግሞ ያቀርባቸዋል። ይሠራል፤ ግን ፓስወርዱ ሲመላለስ ይውላል፣ ሎግአውት ማድረግም ጣጣ ነው።

የተሻለው መላ ሴሽን ነው። ሁለት ነገሮች አሉት፦ ሰርቨሩ ጋ የሚቀመጥ ማስታወሻ፣ እና ብራውዘሩ ጋ የሚቀመጥ የዚያ ማስታወሻ መለያ።

አንድ ሎግኢን ጠጋ ብለን እንይ። ፓስወርዱ ልክ ሆኖ ተገኘ እንበል። ሰርቨሩ 16 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር ያወጣል፤ በሄክሳዴሲማል (ከ0 እስከ 9 እና ከa እስከ f ባሉ ምልክቶች) ሲጻፍ 32 ሆሄያት ይሆናል። ይህ መለያው ነው። ከዚያ ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ረድፍ ይጽፋል፦ ይህ መለያ የተጠቃሚ ቁጥር 42 ነው፣ እስከዚህ ሰዓት ድረስ ይሠራል። መለያውን ከመልሱ ጋር በኩኪ፣ ማለትም ብራውዘሩ በሚያስቀምጠው ትንሽ ጽሑፍ፣ ይልከዋል። ብራውዘሩ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ሳይት በሄደ ቁጥር ሳይጠየቅ ኩኪውን ይዞ ይሄዳል። ሰርቨሩ መለያውን ያያል፣ ረድፉን ይፈልጋል፣ «አሃ፣ 42 ነው» ይላል። ፓስወርዱ ከዚያች ከመጀመሪያዋ ጥያቄ በኋላ አይነሳም።

ኩኪን በ1994 እ.ኤ.አ. ያመጣው የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው። ዛሬ «ኩኪ ይቀበላሉ?» በሚሉ መስኮቶች የተነሳ የኩኪ ስም ጠፍቷል እንጂ፣ ያለ ኩኪ ሎግኢን ብሎ ነገር ያስቸግር ነበር።

ነገሩን በዓይን ማየት ይቻላል። ሎግኢን ያደረጋችሁበትን ሳይት ክፈቱ፣ ኤፍ12 ተጫኑ፣ ኩኪዎቹ ወዳሉበት ሂዱ። ሳይቱ በጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ ነው) ከተሠራ «ሴሽንአይዲ» (sessionid)፣ በፒኤችፒ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከሆነ «ፒኤችፒሴስአይዲ» (PHPSESSID) የሚል ስም የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። እሱን አጥፍታችሁ ሪፍሬሽ አድርጉ፤ ወጥታችኋል። አሁን እንደገና ግቡና አዲሱን መለያ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ብራውዘር ላይ አስቀምጡት። በአብዛኛዎቹ ሳይቶች ላይ ያለምንም ፓስወርድ ገብታችሁ ታገኙታላችሁ። (በራሳችሁ አካውንት ብቻ፣ አደራ።)

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። መለያውን የያዘው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ለሰርቨሩ 42 እሱ ነው። ረጅም ፓስወርድ ብታስመርጡ፣ ወደ ስልክ ኮድ ብትልኩ፣ ይህ ሁሉ ጥበቃ መለያው ከተሰጠ በኋላ ዋጋ የለውም። ስለዚህ መለያውን እንደ ፓስወርድ መጠበቅ ግድ ነው።

ይህ በአደባባይ የታየው በ2010 እ.ኤ.አ. ነበር። ኤሪክ በትለር የሚባል ፕሮግራመር ፋየርሺፕ የተባለ የፋየርፎክስ ማሟያ ለቀቀ። በዚያን ጊዜ ፌስቡክን ጨምሮ ብዙ ትልልቅ ሳይቶች የሚመሰጥሩት የሎግኢን ገጹን ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኩኪው በግልጽ ይመላለሳል። ክፍት ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ሰው ፋየርሺፕን ከፍቶ አጠገቡ ያሉትን ሰዎች ከነፎቷቸው በዝርዝር ያያል፤ አንዱን ሲነካ በዚያ ሰው አካውንት ይገባል። ፓስወርድ የሰበረ የለም። ኩኪ ብቻ ነው የተወሰደው። ፌስቡክ በቀጣዩ ዓመት ሁሉንም ገጽ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረው ኤችቲቲፒ) የመጠቀም አማራጭ አመጣ።

ኩኪው ላይ የሚለጠፉት ሦስት ምልክቶች ትርጉማቸው ከዚህ ይመጣል። «ሴክዩር» ባልተመሰጠረ መስመር ላይ አትውጣ ይለዋል። «ኤችቲቲፒ ኦንሊ» ጃቫስክሪፕት እንዳያነበው ይከለክላል፤ ገጹ ውስጥ ሾልኮ የገባ ስክሪፕት ቢኖር መለያውን አንብቦ መላክ አይችልም። «ሴምሳይት» ደግሞ ሌላ ሳይት የቀሰቀሰው ጥያቄ ላይ ኩኪው እንዳይሄድ ይገድባል። ሦስቱንም አድርጉ፤ ለማሰብ ጊዜ የሚያስፈልገው «ሴምሳይት» ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሌላ ነው። ሴሽን ሎግኢን ላላደረገ ሰውም ይሰጣል፤ ግዢ ዘንቢል ውስጥ ዕቃ ለማቆየት ለምሳሌ። አሁን አንድ ተንኮለኛ ሳይቱን ከፍቶ መለያ ይቀበልና ያንኑ መለያ በሆነ ዘዴ የእናንተ ብራውዘር ውስጥ ያስቀምጣል። እናንተ በቅንነት ሎግኢን ታደርጋላችሁ። ሰርቨሩ በዚያው በቆየው መለያ ላይ «ይህ 42 ነው» ብሎ ከጻፈ፣ መለያውን ቀድሞ የሚያውቀው ሰውም አብሯችሁ ገባ። መድኃኒቱ አንድ መስመር ኮድ ነው፦ ሎግኢን እንደተሳካ የድሮውን መለያ ጥሎ አዲስ መስጠት። ጃንጎ ይህን ራሱ ያደርገዋል። ፒኤችፒ ላይ ግን ትእዛዙን እናንተ መጻፍ አለባችሁ።

ሎግአውትም እንደዚሁ ነው። ኩኪውን ከብራውዘሩ ማጥፋት ብቻ ሎግአውት አይባልም። ሰርቨሩ ጋ ያለው ረድፍ ካልተሰረዘ፣ ቀድሞ የተገለበጠው መለያ እንደበፊቱ ይሠራል። ተጠቃሚው ፓስወርዱን ሲቀይር ደግሞ ሌሎቹ ሴሽኖቹ በሙሉ ይሰረዙ፤ ሰው ፓስወርድ የሚቀይረው ብዙውን ጊዜ የሆነ ነገር ስለጠረጠረ ነው።

«ጄደብሊውቲ ብጠቀም አይሻልም?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። እዚያ ላይ ማስታወሻው ራሱ ተፈርሞ ለተጠቃሚው ይሰጣል፤ ሰርቨሩ ፊርማውን አይቶ ያምናል፣ ምንም መፈለግ የለበትም። ጥሩ ነው፤ ጊዜው ሳያልፍ ልሰርዘው ስትሉ ግን የተሰረዙትን የሚመዘግብ ዝርዝር ያስፈልጋችኋል፣ ያኔ ዞራችሁ ዳታቤዝ ፍለጋ ገባችሁ። ገጾቹን ሰርቨሩ ራሱ ለሚያዘጋጅ አፕሊኬሽን ተራው ሴሽን ይበቃል ባይ ነኝ።

ስለ ዕድሜው ትንሽ ልበል። ጃንጎ ሳይነካ ከተተወ ሴሽኑ 2 ሳምንት ይቆያል። ፒኤችፒ ደግሞ 1440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ፣ ምንም ያልተደረገበትን ሴሽን ሊጠርገው ይችላል። ረጅም ፎርም ሲሞላ ቆይቶ «ላክ» ሲል ወደ ሎግኢን ገጽ የተወረወረ ሰው ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ነው። ማስታወሻው የት እንደሚቀመጥም አስቡበት። ሜሞሪ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር ሁሉም ሰው ይወጣል። ሰርቨሮቹ ሁለት ሲሆኑ ደግሞ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም፤ ሁለቱም የሚጋሩት ዳታቤዝ ወይም ሬዲስ (ፈጣን የዳታ ማስቀመጫ) የሚመጣው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ፣ ሴሽን የሚመልሰው «ማን ነው?» የሚለውን ብቻ ነው። 42 የገዛ ደረሰኙን እያየ የገጹ አድራሻ (ሊንኩ) ላይ ያለውን ቁጥር ቢቀይር የሌላ ሰው ደረሰኝ ሊመጣለት ይችላል፤ ሴሽኑ ትክክለኛ ነውና። ይህ ደረሰኝ የ42 ነው ወይ የሚለው እያንዳንዱ ገጽ ላይ ለብቻው ይጠየቃል። ሁለቱ የስህተት ኮዶችም የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው፦ 401 ማን እንደሆንክ አላወቅኩም ሲል፣ 403 አውቄሃለሁ፣ ግን አይፈቀድልህም ይላል።